ለቤተሰብ የተከፋፈለው የወገብ ስፖርት

ደብረ ማርቆስ የሕክምና ተማሪ ሳለሁ ለመመረቂያ ጥናቴ ወገባቸውንና ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ሰዎች እየዞርኩ እጠይቅ ነበር። ጤናዎ በማን እጅ ነው? በራስዎ፣ በሐኪም ወይስ በዕድል? መልሱ «በጣም እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» ነው። ችግሩ፣ የአገሬ ሰው እንግዳን ፊት ለፊት «አልስማማም» ማለት ነውር ይመስለዋል። ጤናቸው በእጃቸው እንደሆነ ተስማሙ፤ በእኔ እጅ እንደሆነም ተስማሙ። አንድ ሽማግሌማ «የቱ ላይ እንድስማማልህ ነው የምትፈልገው? አትቸገር» አሉኝ።

ተስፋዬን የጣልኩት እማሆይ ላይ ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ፣ ያሰቡትን ከመናገር የማይመለሱ ሴት ናቸው። ወገባቸው ከያዛቸው ወዲህ ቀና ማለት አቅቷቸው፣ ዳገቱ ላይ ያለው የጊዮርጊስ ንግሥ አልፏቸዋል።

«ዘንድሮም ከቀረሁስ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አሉኝ።

አንጀቴን በሉት። መሬት ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ወገቤን እያነሳሁ አሳየኋቸው። ጧትና ማታ እንዳያቋርጡ አደራ አልኳቸው።

«ግዴለም፣ ይሠራል» አሉኝ።

ከሳምንታት በኋላ ያንን የጥናቴን ጥያቄ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። ልጃቸው ወለሉ ላይ ተንጋልሎ ወገቡን ያነሳል። ምራታቸው ከጎኑ ጉልበቷን አቅፋ ወዲያና ወዲህ ትላለች። እማሆይ መደቡ ላይ እንደጎበጡ ተቀምጠው በመቁጠሪያቸው ይቆጥሩላቸዋል።

«እማሆይ፣ እርስዎስ?»

«እኔማ ታማሚ ነኝ ልጄ። አከፋፈልኳቸው። የንስሐ አባቴ ስግደት ሲያዙኝም አቅም ስለሌለኝ እነሱ ናቸው የሚሰግዱልኝ።»

«እኔስ ወገቤ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም፤ እግዜር ይስጥህ» አለች ምራታቸው ከወለሉ ሳትነሳ።

ሳቄን ውጬ ወረቀቴን አወጣሁ። «ጤናዬ በራሴ እጅ ነው» የሚለውን አነበብኩላቸው።

«በጣም እስማማለሁ» አሉ ሳያመነቱ። «ያከፋፈልኩት እኔው አይደለሁ?»

ለንግሡ የቀረው አንድ ወር ነው፣ እሳቸው ግን እንደጎበጡ ናቸው። ብስጭት አልኩ። «ይሄ እንደ ስግደት አይደለም እማሆይ፤ እነሱ ቢሠሩት ለእርስዎ አይደርስም» አልኳቸው።

ፊታቸው ቅጭም አለ። «ታዲያ መነኩሲት ወንድ ፊት ተንጋልላ እግሯን ታነሳለች?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ለካ ነገሩ ይሄ ኖሯል። ልጃቸውን ይዤ ወጣሁ፤ ምራታቸው በሩን ከውስጥ ዘጋች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስመላለስ ውጭ ቆሜ በተዘጋ በር ላይ «ወገብ ወደ ላይ! ቀስ ብሎ ወደ ታች!» እያልኩ እጮህ ነበር። መንገደኛው እያማተበ ያልፈኛል።

የንግሡ ዕለት ጧት ጭቃ የያዘው ባጃጅ አብሬ ስገፋ ወገቤን ቆረጠኝ። ዳገቱን ጀምሬው መሀል ላይ ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ። እማሆይ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ቀና ብለው መጡ። ሳያቸው ደስታዬ ሕመሜን አስረሳኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ወገቤን ይዞኝ ነው እማሆይ።»

«ያን ስፖርትህን ትሠራለህ?»

አጎንብሼ የጫማዬን ጭቃ በድንጋዩ ጠርዝ መፋቅ ጀመርኩ።

«ግዴለም፣ አንተ አረፍ በል» አሉኝ ዳገቱን እየቀጠሉ። «ያንተን እኔ እሠራልሃለሁ።»