አውሮፕላን ሲያልፍ ጠጋ የሚሉት አጎቴ

አጎቴ ሰቆጣ ላይ ያረፉት እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ ነው። በንጉሡ ዘመን የታወቁ መሪጌታ ነበሩ። እኔ የማስታውሳቸው ግን በአንድ ልማዳቸው ነው፤ አውሮፕላን ሲያልፍ በሰሙ ቁጥር መደቡ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ይለቅቁ ነበር።

«ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ» ይላሉ በለሆሳስ።

የሚጠሩት የሞተ ልጃቸውን ነው። ልጁ ስምንተኛ ክፍልን እንዳለፈ አውሮፕላን አብራሪ እሆናለሁ ብሎ አዲስ አበባ ሄደ። እዚያ ምን እንዳሉት ግን ለማንም ሳይናገር ቀረ፤ ሲመለስ መንገድ ላይ ወባ ገደለው።

እኔም ስምንተኛን ሳልፍ ያው ምኞት ያዘኝ። የአጎቴ ፊት ተለወጠ።

«ደሴ ወርደህ አሥራ ሁለተኛን ሳትጨርስ አትሞክራትም! ሂሳቡንም እንግሊዝኛውንም ጠንቅቀህ ያዝ።»

«አባ፣ ይህን ማን ነገረዎት?»

ወደ ባዶው መደብ ዞር አሉ። «እሱ ነዋ። በመጣ ቁጥር ‹የአሥራ ሁለተኛ ማስረጃ የለህም ብለው መለሱኝ› ይለኛል።»

ቃላቸውን ጠበቅሁ። ደሴ ጨርሼ አዲስ አበባ ተፈተንኩ፤ ለአብራሪነት ሥልጠናም ተቀበሉኝ። ብዙም ሳይቆይ መርዷቸው ደረሰኝ።

ለቅሶ ስደርስ ባለቤታቸውን «ማለፌን ሳይሰሙ ሄዱ» አልኳቸው።

«ኧረ ሰምተዋል» አሉኝ። «ያረፉ ዕለት፣ ሰኞ፣ እየሳቁ ‹ልጄ ዛሬ ተቀበሉኝ ብሎ ገባ› አሉና ጋደም አሉ። በዚያው አሸለቡ።»

እኔን የተቀበሉኝ በዚያው ሰኞ ነው። ወሬውን ለሰቆጣ ሰው ገና አልነገርኩም ነበር።

ዛሬ መደቡ ላይ ማንም አይቀመጥም። ባለቤታቸው ግን ሲመሽ ቁርበቱን ለሁለት ሰው ያነጥፋሉ።