ኢህራም የለበሰ አባት አይጮህም

ዛሬ ጠዋት ኤሲ የሚጠግንልንን ያገሬን ልጅ በር ላይ አቁሜ «ጠገንኩት ያልከው ይኸው አልነሳ አለ! ሥራ ነው ይሄ?» እያልኩ ስጮህበት፣ የአራት ዓመቷ ልጄ ሂባ መካ ለጸሎት ስሄድ የምለብሰውን ነጭ ጨርቅ፣ ኢህራሜን፣ ከቁም ሳጥን እየጎተተች መጣች።

«ባባ፣ ያላ፣ ልበስ!»

ነገሩ የመጣው ባለፈው ጁምዓ ነው። ከጅዳ ወደ መካ ለዑምራ ስንሄድ መካ ውስጥ ጀርወል ሰፈር ላይ አንድ ታክሲ ፊቴ ተደነቀረ። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ።

ሂባ ከኋላ ወንበር ደነገጠች። «ባባ፣ አሞሃል? ለምን አትሰድበውም?»

«ኢህራም የለበሰ ሰው አይቆጣም፣ አይሳደብም» አልኳት፣ እንደ ሼህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ትንሽ አሰበች። «እሺ፤ ጁሱ ወንበሩ ላይ ፈሷል።»

እናቷ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። መኪናዬ ውስጥ መብላትም መጠጣትም ክልክል ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ የማከብረውም እኔ ብቻ።

ዛሬም ልጅቷ ጨርቁን ዘርግታ ስትጠብቀኝ፣ በሰው ፊት አፍሬ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩት።

አገላብጣ አየችኝና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ባባ፣ ሪሞቱን በሳሙና ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ኤሲው ምንም አልሆነም። ጠጋኙም ምንም አላጠፋም። «አፉ በለኝ፣ ወንድሜ» አልኩት፣ ሱሪዬ ላይ ኢህራም ደርቤ እንደቆምኩ።

ይህን ስጽፍም አላወለቅኩትም፤ ሌላ ያልነገረችኝ ነገር ሳይኖር አይቀርም።

የእናንተስ ልጆች እውነቱን የሚነግሯችሁ ምን ስትለብሱ ነው?