ማንኪያ ጣሉ

በአሜሪካዋ ኦክላሆማ የቅዳሜ ቀትር የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ማንንም አያስደነግጥም። የሚነፋው ለሙከራ ስለሆነ ሰው ሰዓቱን ያስተካክልበታል፤ የሎረታ ፕሩይት ታላቅ ወንድም ቨርጅል ደግሞ ምሳውን ይጀምርበታል። የእውነተኛው ቀን እንኳ የአገሩ ሰው መሸሸጊያ ጉድጓዱ ከመውረዱ በፊት በረንዳ ወጥቶ አውሎ ነፋሱን ካላየ ሆዱ አይረጋም። ሎረታ በአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አውሎ ነፋስ ስትተነብይ፣ ከደመናው ይልቅ ያንገበገባት ይሄ ልማድ ነው።

እሷ ቃል አታባክንም። ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው በደረቅ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው፤ ጀማሪው ዱዌን "አስፈሪ" ብሎ ቢጨምር ሰርዛ ትመልስለታለች።

ያን የግንቦት ቅዳሜ አውሎ ነፋሱ ወደ ማታ ይመጣል ያለችው ራሷ ናት። ስለዚህ ሰማዩ ሲያሰጋ የሚሰረዘው የቀትር ሙከራ አልተሰረዘም። ለስድስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው ግን ራዳሩ ላይ አንዱ ደመና መሽከርከር ጀመረ፤ አቅጣጫው ወደ ቨርጅል መንደር ነበር።

ወንድሟ ስልኩን መኪናው ውስጥ ጥሎት ነው የሚውለው። ሬዲዮው ግን ከሳህኑ አጠገብ አይጠፋም። አሁን ሳይረኑ ልክ በቀትር ሊጮኽ ነው፣ መንደሩም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሊበላ ነው። ሎረታ ፈራች። በሬዲዮ ከሚነበበው የተለመደ ማስጠንቀቂያ ሥር እንዲህ ስትል ጨመረች፦ "ይህ የቅዳሜው ሙከራ አይደለም። ማንኪያ ጣሉ።" እናታቸው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ልጆቿን ከገበታ የምታስነሳው በዚህ ቃል ነበር።

ዱዌን አንገቱን አስግጎ አነበበ። "ይሄ እኮ መመሪያው ላይ የለም።"

"አውቃለሁ" አለችና ላከችው።

ተረኛው እንደተካት በመኪናዋ ከነፈች። የቨርጅል ቤት ከመሠረቱ ተነቅሏል፤ በረንዳው የነበረበት ቦታ እንኳ አይለይም። እሱ ጉድጓዱ አፍ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። አቅፋው አለቀሰች።

"ሳይረኑ ሲጮኽ ባቄላዬን ልበላ ቀረብኩ" አላት። "ከዚያ ሬዲዮው 'ማንኪያ ጣሉ' አለ። መንግሥት እንዲህ አያወራም፣ ይቺ እማማ ናት ብዬ እግሬ አውጪኝ አልኩ።"

"በረንዳ ሳትወጣ?"

"እማማ ተጣርታ በረንዳ ላይ የምቆም ይመስልሻል?" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንድ ነገር ግን አልታዘዝኳትም።"

ጨብጦት የቆየውን እጁን ፈታ። ማንኪያው አሁንም መዳፉ ውስጥ ነበር።