የኤልቫ የዓሣ መሰላል

ኤልቫ ኖስኬ በመሬይ ወንዝ ላይ ያለችውን ትንሽ ግድብ ከአባቷ ተረክባ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቃለች። ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ውሃውን የሚያግዱትን ሳንቃዎች ከግድቡ ላይ ማንሳት፣ ሲጎድል መመለስ። ለሚሠራው ግን ወገብ ይቆርጣል። እሷ ደግሞ ይሄ አልበቃ ብሏት የዓሦች ጠበቃ ሆነች። ኮድ የተባለው ግዙፍ ዓሣ ሊራባ ሽቅብ ሲወጣ ግድቡ ይገታዋል፣ መሰላል ይሠራለት እያለች የተፋሰሱን ቢሮ አሥራ አራት ዓመት ነዘነዘችው። በመጨረሻ ሰለቻቸውና በእሷ ቤት በኩል፣ ከጀልባ መተላለፊያው አጠገብ፣ ውሃ በደረጃ የሚወርድበት ቦይ ሠሩላት።

ምን ዋጋ አለው! ሁለት በጋ ሙሉ አንድ ኮድ እንኳ አልወጣበትም። ቢሮው "ዓርብ እንመጣለን፤ ዓሣ ካላየን ቦዩ ይደፈናል" ብሎ ጻፈላት። ኤልቫ ምግብ አልበላ አላት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ጎረቤቷ ክላሪ የማጥመጃ ዘንጉን ይዞ እየሳቀ መጣ።

"አይዞሽ እንጂ፣ ዓሣስ ሞልቷል! አሁን ይህን የሚያህል ኮድ ይዤ ለቀቅኩ።"

"የት?"

"ማዶ ነዋ፣ ሳንቃ ከምታነሺበት ሥር። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ እየተጋፉ ነው የሚውሉት።"

"ሁለት ዓመት! አንተ ጉደኛ፣ እና ዝም አልከኝ?"

"ዓሣ ያለበትን ቦታ የሚናገር ጅል የት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ኤልቫ ክው አለች። ዓሣ የሚከተለው ውሃው የሚጮህበትን ነው። አባቷ ደግሞ "ጀልባዎቹ ጋ ውሃው ይርጋ፣ ሁልጊዜ ከማዶ ጀምረሽ አንሺ" ብሏታል፤ መሰላሉ ያለው ግን እዚሁ ጀልባዎቹ ጋ፣ ውሃው በረጋበት በኩል ነው። ጀልባ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ እሷ ግን ዛሬም ከማዶ ትጀምራለች።

"ወይኔ ጉዴ! ና ተሸከም!"

የማዶውን ዘግተው በመሰላሉ በኩል ያለውን ሲከፍቱ ዋሉ።

"ወገቤንም ማጥመጃ ቦታዬንም በአንድ ቀን ልትነጥቂኝ!" አለ ክላሪ እያቃሰተ።

"አርፈህ ያዝ!"

ዓርብ ከቢሮው አንድ ወጣት መሐንዲስ መጣና በቦዩ ግድግዳ ላይ ካለችው የመስታወት መስኮት ፊት ተንበረከከ። ውሃ ብቻ። ሰዓቱን አየ። ድንገት መስኮቷ ጨለመች፤ ቦርጫም ኮድ መጥቶ መሐንዲሱን ትክ ብሎ አየውና ሽቅብ አለፈ። ከኋላው ሌላ። ከዚያ ደግሞ ሌላ!

ኤልቫ ጮኸች። የመሐንዲሱን ግንባር ሳመች፣ ክላሪን አንገቱን አንቃ በግድቡ መሻገሪያ ድልድይ ላይ አሽከረከረችው፣ ባርኔጣዋ ወንዝ ገባ፣ ግድም አልሰጣት።

መሐንዲሱም እየሳቀ ደብተሩን ገለጠ። "ለመሆኑ ሁለት ዓመት ሙሉ ያገዳቸው ምን ነበር?"

ክላሪ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ።

"እኔ!" አለች ኤልቫ፣ ሳቋ እንባዋን እያወረደው። "እኔው ነኝ እባክህ! ጻፈው!"