ከጀልባዋ የወረደችው ቢጫ መብራት

የእናቴ ደጃፍ ላይ ያለችው ቢጫ መብራት ድሮ የጀልባ ነበረች።

ልጅ እያለሁ፣ አፕ የሚሉት ነገር የታክሲውን ሥራ ሳይቀማ በፊት፣ አባቴና ጓደኛው ጋሼ መኮንን አንዲት አሮጌ ጀልባ በጋራ ነበረቻቸው። አባቴ ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራል፤ ጋሼ መኮንን ታክሲ ይነዳሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሐበሻው ሰፈር ከፌርፋክስ ጥብስ በፎይል አስጠቅልለን ወደ ባሕሩ፣ ወደ ሎንግ ቢች እንወርዳለን። የጨዋማው ውሃ፣ የቤንዚኑና የአዋዜው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ሁለቱ እስኪመሽ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ እኔ ከእናቴ ጋር ዳር ቀርቼ አለቅሳለሁ። ጀልባዋ መብራት ስላልነበራት ሲጨልም ከዓይን ትጠፋለች። እናቴ ታዲያ እቅጩን ነገረቻቸው፦ "ከዚህ ሆኜ ካላየኋችሁ ልጄ አትሳፈርም።"

ጋሼ መኮንን ነገሩን በልባቸው ይዘው ሰነበቱና ባለባትሪ መብራቶች አመጡ። ከግራ አረንጓዴ፣ መሃል ቢጫ፣ ከቀኝ ቀይ አድርገው የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ደረደሯቸው። ሌላ ቅደም ተከተል ማን ያስባል? ፌርፋክስ ላይ ከሱቁ ደጃፍ እስከ ታክሲው መስተዋት ሁሉም እንደዚያው ነው። "አሁንም ካላየሽን መነጽር ግዢ" አሏት እናቴን።

ተሳፈርኩ። ሦስቱ ቀለማት ውሃው ላይ እየተንቀጠቀጡ አብረውን ሲሄዱ፣ እጄን ነክሬ አረንጓዴውን ልጨብጠው ሞከርኩ። ዓለም ሁሉ የሚያየን መስሎኝ ነበር። እንደዚያ ምሽት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ድንገት አንድ ትልቅ ጀልባ ፊት ለፊት መጣብን። አባቴ መሪውን ጠመዘዘ፤ ያኛውም ጡሩምባውን እያስጮኸ ለጥቂት ሳተን። ማዕበሉ ወለሉ ላይ ጣለኝ። የጀልባው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ቀስ ብሎ ጠጋ አለን። አልተቆጣም። በውሃ ላይ ሕጉ ከግራ ቀይ፣ ከቀኝ አረንጓዴ እንደሆነ አስረዳን። የኛ ተገልብጦ ቀዩ በሱ ግራ፣ አረንጓዴው በሱ ቀኝ ስለታየው ከፊቱ እየራቅን የምንሄድ መስሎት ነበር፤ እኛ ደግሞ እየመጣንበት ነበር።

ጋሼ መኮንን ጎንበስ ብለው መብራቶቹን አዩና "ሶ፣ መታየቱንስ ታይተናል። ወዴት እንደምንሄድ ነው ያልታወቀው" አሉ።

እናቴ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ቆማ ጠበቀችን። አባቴ አንገቱን ደፍቶ የሆነውን ነገራት። ከዛሬ ወዲያ ባሕር የለም ትላለች ብዬ ስፈራ፣ ጀልባዋ ላይ ወጥታ አረንጓዴውን ወደ ቀኝ፣ ቀዩን ወደ ግራ በገዛ እጇ አዛወረች። ቢጫዋን ነቅላ ጉያዋ ከተተቻት።

"እሷስ?" አላት አባቴ።

"እሷ የኔ ናት። እናንተም እኔን እዩኝ።"

ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር ቢጫዋን ጭኗ ላይ አብርታ ዳር ትቀመጥ ነበር። እኔም ከውሃው ላይ እሷን ስፈልግ አመሻለሁ።

ዛሬ ጀልባዋ ተሸጣለች፤ ጋሼ መኮንንም አርፈዋል። የእናቴን ዓይን ስኳር ወስዶታል፤ ብርሃንና ጨለማ አትለይም። አባቴ መሸ ሲላት ግን ግድግዳውን እየዳሰሰች ሄዳ መብራቷን ታበራታለች። እኔም ከሥራ አምሽቼ ወደነሱ ድራይቭ ሳደርግ ከመንገዱ ጫፍ አያታለሁ።

በቀደም "እማዬ፣ አንቺ ለማታያት ምን አደከመሽ?" አልኳት።

"ያኔስ ለራሴ መች ነበር የያዝኳት" አለችኝ።