ዘርትሁንና ቀኝ የሚውለው በሬ

ዘርትሁን ጥንድ ነገር አይበረክትላትም። የተወለደችው መንታ ሆና ነው፤ እህቷ ግን ዱራሜ ተድራ፣ በዓል ሲመጣ በስልክ ብቻ የምትገኝ ሆናለች። ከጉትቻዋ አንዱ ሆሳዕና መናኸሪያ ግፊያ ውስጥ ጠፋ፤ የቀረውን አንጠልጥላ፣ ባዶ ጆሮዋን በሻሽ ሸፍና ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ባሏ ሞቷል። ከሁለት በሬዎቿ አንዱ ልጇ አዶናይ ጤና ኮሌጅ የገባ ዓመት ተሸጠ። ይህን ሁሉ አንስቶ «አይዞሽ» የሚላት ሰው ካለ «አንዱም ይበቃኛል» ትለዋለች። ኩራት ራቷ ናት፣ ማን ደፍሮ ይናገራታል?

በአንድ በሬ ግን አይታረስም። እሷ በምትኖርበት በሌሞ ገጠር፣ አንድ በሬ የቀረው ሰው ቢጤውን ፈልጎ መቀናጆ ይገባል፤ ሁለቱን በሬዎች ጠምደው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። ዘርትሁን የተቀናጀችው ከጎረቤቷ ከመሐመድአሚን ጋር ነው። እርፉን እሱ ይይዛል፣ እሷ በፋንታው አረም ታርምለታለች። የእሷ ዳለቻ በቀኝ፣ የእሱ ቦራ በግራ ሆነው ስድስት ዓመት አረሱ።

ነገር የተበላሸው ሰርግ ላይ ነው። መሐመድአሚን ሰው ሲሰበሰብለት አፉ አያርፍም። ከሁለቱ የትኛው በሬ ይበረታል ብለው ቢጠይቁት፣ የሚጎትተው ቦራ ነው፣ ዳለቻ ያው አጃቢ ነው አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘርትሁን ከጀርባው ተቀምጣ ነበር። በነጋታው ማለዳ ሁለቱ በሬዎች ወደሚያድሩበት ወደ እሱ ግቢ ሄዳ ዳለቻን ፈትታ ወሰደችና፣ አጃቢ ከሆነ ቢቀርባችሁም አይጎዳችሁም ብላ ለሚስቱ ለረምላ ነግራት ተመለሰች።

ሌላ በሬ መቼም አይጠፋም ብላ ነበር። የባሏ ወንድም ወልደኪዳን አንድ በሬ ስለነበረው ደስ ብሎት መጣላት። ችግሩ የእሱም በሬ ዕድሜውን ሙሉ ቀኝ የዋለ ነው። ዳለቻን ግራ አቆሙት፤ ዞሮ ወደ ቀኝ መጣ። ያኛውን ግራ አቆሙት፤ እሱም ዞረ። ሁለቱ በአንድ ወንበር እንደሚጣሉ ሽማግሌዎች እየተገፋፉ ማሳውን አጨቀዩት፤ ወልደኪዳንም ሞፈሩ ሳይሰበርበት ፈትቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ግራ የሚውል በሬ ያላቸው ደግሞ ሁሉም ቀድመው ተቀናጅተዋል። ሰኔና ሰኞ ገጠመባት።

የሰው ማሳ ተዘርቶ ሲያልቅ የእሷ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ዘርትሁን ፈራች። ያ ስንዴ ካልተዘራ የከርሞ ቀለቧ የለም። በየቀኑ በእንሰቱ መሀል አጮልቃ የመሐመድአሚንንም ማሳ ታያለች፤ እሱም አላረሰም፤ ወልደኪዳን የወንድሜን ሚስት ካሳቀባት ሰው ጋር አልቀናጅም ብሎታል። ደስ ይላታል፣ ወዲያው ደግሞ በደስታዋ ታፍራለች።

ሰኔ ሊወጣ አምስት ቀን ሲቀረው ዳለቻን ስባ ወደ ጎረቤቷ ማሳ ወረደች። መሐመድአሚን ከቦራና ከባዶ ቀንበሩ ጋር ቆሞ ደመናውን ያያል። ሲያያት ፊቱ በራ።

«እንኳን መጣሽ፣ የአዶናይ እናት» ብሎ የዳለቻን ገመድ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

አልሰጠችውም። «አጃቢው ይቆይ» አለችው። «በእሱ ቦታ አንተ ግባ።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። መንገዱ ላይ ወደ ከተማ የሚወርድ ጋሪ ከነተሳፋሪው ቆሞ ያያል። መሐመድአሚን ጋሪውን አየ፣ ደመናውን አየ፣ ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ የቀንበሩን ቀኝ ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ። ዘርትሁን እርፉን ያዘች። ቦራ አጠገቡ የቆመውን ዞር ብሎ አየና እንደ ለመደው ተራመደ። መሐመድአሚን ሦስት እርምጃ ተከተለው፤ በአራተኛው ጉልበቱ ጭቃው ውስጥ ገባ። ባለጋሪው ልጓሙን እስኪለቅ ሳቀ።

ተነሣ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊትም «አጃቢ አይደለም» አለ።

ዘርትሁን ገመዱን ለቀቀችው። ዳለቻ ማንም ሳይነዳው በቀኝ በኩል ዞሮ አንገቱን ለቀንበሩ ዝቅ አደረገ። የመሐመድአሚን ማሳ በዚያው ቀን፣ የእሷ በማግስቱ ተዘራ።

በማግስቱ ማታ እጇን ታጥባ ዱራሜ ደወለች። በዓል ስላልነበረ እህቷ ደንግጣ ማን ሞተ አለቻት። ማንም አልሞተም፣ ስንዴዬን ዘርቼ ነው አለች ዘርትሁን። ወሬው አለቀ፣ ስልኩ ግን አልተዘጋም። ዘርትሁን ባዶ ጆሮዋን ዳበሰች።

«ነይልኝ እስቲ» አለች በመጨረሻ። «አንዱ አልበቃኝም።»