ዛማሌክ የሄደው ካፖርቴ

ባለቤቴ ቡና በሚነግድ ድርጅት ጸሐፊነት ተቀጥሮ ካይሮ ስንገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር የስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ፒራሚዶቹ አቅራቢያ ሀረም በሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራየን። አገሩ በረሃ ነው ሲሉኝ ሙቀት ብቻ መስሎኝ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ግን የቤቱ ወለል እግር ይቆረጥማል፤ ማሞቂያ የሚባል ነገር የለም። በመጀመሪያው ክረምታቸው ቡናማ የሱፍ ካፖርት ገዛሁ። በሁለተኛው ዓመት ልጅ ወልጄ ስለወፈርኩ ካፖርቱ አልቆለፍ አለኝ።

በየሰኞው ልብስ የምታጥብልኝ አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ የምታሳድግ፣ ከላይኛው ግብፅ የመጣች፣ ቀጠን ያለች ሙስሊም ናት። ጣሪያው ላይ በነፋስ ስታጥብ ትውልና ክንዷ እስከ ክርኗ ቀልቶ ትወርዳለች። ከላይ የምትደርበው አንድ ስስ ጥቁር ጨርቅ ብቻ ነበር። አንድ ቀን በር ኋላ የተሰቀለውን ካፖርት በእጇ ዳሰስ አድርጋ፣ «ይኼ ሞቃት ነው፣ ያ ሲት» አለችኝ፤ እመቤቴ ማለቷ ነው።

«ልበሺው እስቲ» አልኳት።

ለበሰችው። እጅጌው ጣቶቿን ሸፈናቸው። መስታወት ፊት ቆማ ሳቀች፤ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። ለኔ እንደማይሆነኝ ነግሬያት፣ «ገበሩ ተቀዷል፤ አሰፍቼ እሰጥሻለሁ» አልኳት። የዚያኑ ቀን ብሰጣት ኖሮ የምጽፈው ነገር ባልኖረ።

ልብስ ሰፊው ገበሩን በአዲስ ቀይሮ ባመጣልኝ ሳምንት፣ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የባለቤቴ አለቃ ሚስት እጄን ያዘችኝ። ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ ዓባይ መካከል ባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ ዛማሌክ፣ ትልቅ ቤት ያላት ሴት ናት። በየዓመቱ ገና ሲቃረብ እኛን የሠራተኞቹን ሚስቶች ቤቷ ጠርታ ለድሆች ልብስ ታሰባስባለች።

«ሐሙስ እንዳትቀሪ ልጄ» አለችኝ። «አምና ምን ነበር ያመጣሽልን? ረሳሁት እኮ።»

አምና ያመጣሁት ሁለት ጥንድ ካልሲ ነበር። እንዳልረሳችው ከፈገግታዋ አውቄያለሁ፤ አጠገቧ የቆሙትም አውቀዋል።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱም ከጋዜጣው ቀና ሳይል፣ «ዕድገት ጠይቄ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ዘንድሮ ደህና ነገር ይዘሽ ሂጂ» አለኝ። ቤታችን ውስጥ ደህና የሚባል ነገር ካፖርቱ ብቻ ነበር። ለአጣቢዋ ሌላ እገዛላታለሁ አልኩ ለራሴ። በምን እንደምገዛላት አላሰብኩም።

ሐሙስ ዕለት በእትዬ ሳሎን ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ ነበር። እያንዳንዳችን ያመጣነውን እያነሳች ለሁሉም ታሳያለች፤ ይጨበጨባል። የኔ ተራ ሲደርስ ካፖርቱን ገልብጣ ገበሩን አየችና፣ «አያችሁ፣ መስጠት እንዲህ ነው። አሰፍታ ነው ያመጣችው» አለች። ጭብጨባው ከሁሉም በለጠ። እኔም ደስ አለኝ። ተገድጄ ነው እንዳልል፣ ያ ደስታ ዛሬም ይመሰክርብኛል።

ሰኞ አጣቢዋ መጣች። ካፖርቱን አልጠየቀችኝም፤ በሩ ኋላ ያለውን ባዶ መስቀያ ብቻ አየት አደረገች።

«ልብስ ሰፊው ገና አልጨረሰውም» አልኳት።

«ማሌሽ፣ ግድ የለም» ብላ ወደ ጣሪያው ወጣች።

በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ሳትጠይቀኝ፣ «ሰውዬው ታሟል» አልኳት። ከንፈሯን መጠጠችለት። በሦስተኛው ሰኞ ቀረች። ጎረቤቷ መጥታ፣ ደረቷን አሟት እንደተኛች ነገረችኝ።

ገና ካለፈ በኋላ፣ እትዬ ምግብ የላከችበትን ሳህን ልመልስ ዛማሌክ ሄድኩ። እሷ እስክንድርያ ሄዳ ኖሮ፣ በር የከፈቱልኝ የወጥ ቤት ሠራተኛቸው ናቸው፤ ያገራችን ሰው፣ ሽማግሌ። ሳህኑን ይዤ በጓሮ በኩል ስገባ ኮሪደሩ ላይ ቅርጫቶች ተደርድረዋል። የሰበሰብነው ልብስ ነው። የሚወስደው ሰው አልመጣም፤ በዓሉ አልፎ ልብሱ እዚያው ነበር። ካፖርቴ ከላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

እጄን አሳረፍኩበት።

«ረስተው የሄዱት ዕቃ አለ እንዴ፣ እመቤት?» አሉኝ ሽማግሌው። እንድወስደው የፈቀዱልኝ ያህል ነበር አነጋገራቸው።

«የለም» አልኳቸው።

የሰጠችውን መልሳ ወሰደች ይሉኛል ብዬ ነው። ወጥቼ በድልድዩ ላይ በእግሬ ተሻገርኩ፤ ታክሲ አልጠራሁም። ሁለት ጊዜ ልመለስ ቆሜያለሁ። አልተመለስኩም።

በማግስቱ ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዝቼ ቤቷን እየጠየቅኩ ሄድኩ። ከሰፈራችን ጀርባ ካለው የአትክልት እርሻ ባሻገር፣ በጭቃ ጡብ የተሠራች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳ ተደግፋ፣ ጆንያ ደርባ ተቀምጣለች። ልትነሳ ስትል ሳሉ መልሶ አስቀመጣት። የምታቀርብልኝ ነገር ስለሌላት አፈረች፤ ጎረቤቷን ጠርታ ሻይ እንድታፈላልኝ ለመነቻት።

ትንፋሿ መለስ ሲልላት፣ «ልብስ ሰፊው እንዴት ነው? ተሻለው?» አለችኝ።

የያዝኩትን ስኳርና ሻይ ቅጠል አጠገቧ አስቀመጥኩ።

«እኔ እንኳ ተኝቼ ዱዓ አደርግለታለሁ። ልጆች ይኖሩታል» አለች።

«ተሽሎታል» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ከልቧ። ሻዩን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

የካቲት ሲያልቅ ተሽሏት ሥራ ጀመረች፤ ነገር ግን ባልዲ ይዛ ደረጃውን ስትወጣ በየፎቁ ታርፍ ነበር። ዕድገቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ በበጋቸው የሱፍ ሹራብ ሠርቼ ሰጠኋት፤ አመስግና ለልጇ አለበሰችው። በሚቀጥለው ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ባለቤቴ ወደ አገር ቤት ተዛወረና ተለያየን።

እውነቱን ያልነገርኳት ዓረብኛዬ አልበቃ ብሎኝ ነው እያልኩ ብዙ ዘመን ራሴን አጽናናሁ። ከአትክልት ሻጭ ጋር ስከራከር፣ ከቤት አከራያችን ጋር ስጣላ ግን ዓረብኛ አንሶኝ አያውቅም። «ካፖርቱን ለሌላ ሰጠሁት፣ ይቅር በይኝ» ለማለት የሚያስፈልጉትን ቃላት ሁሉ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አውቃቸው ነበር።